ለመነኩሴው የተለቀሰ

ጥር 6፣ ቢቸና

ዛሬም አህጉራት፣ ስድስተኛ ክፍል። ካርታው ላይ አውስትራሊያን አይጥ በልቷታል። በዱላዬ ባዶ ግድግዳ እያሳየሁ እዚህ ጋ ነበረች እላለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔ መ/ር ይሁኔ ራሴ ከደጀን ወዲያ አላለፍኩም፤ ይህን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ፣ ደብተሬ።

ከሰዓት የውይይት ክበብ። ካድሬው ሲያወራ አንቀላፋለሁ፣ ሲያጨበጭቡ ነቅቼ አጨበጭባለሁ። ደክሞኛል። አካሌ ግን ደህና ነው።

ጥር 9

ሰይድ መጣ። የሞጣው ነጋዴ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር። አሰብ ደርሶ መመለሱ ነው። እዚያ ወደብ የሚሠራ የድሮ ጓደኛዬ በእሱ በኩል መልእክት ልኮልኛል፦ ዓለምን በሚዞር የጭነት መርከብ ላይ ሰው ይፈለጋል፣ ቶሎ ና። ሥራው ሳህን ማጠብ ነው። ቦምቤይ፣ ሮተርዳም፣ ሳህን እያጠቡ። በካርታ ከማየት ይሻላል።

ሰይድ ለማንም እንዳልተነፍስ መከረኝ። ባሕር ማዶ የሚል ቃል ካድሬው ጆሮ ከገባ ኮብላይ ነኝ።

ጥር 14

መልቀቂያ አስገባሁ። ርእሰ መምህሩ ምክንያቱን ጠየቁ። ደክሞኛል አልኳቸው፤ ውሸት የለበትም። ወዴት ቢሉኝ የክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ። አልጋዬን ለት/ቤቱ ዘበኛ፣ ሬዲዮኔን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ብሸጣቸው ሰው ይጠረጥራል ብዬ ነው። ብልጥ መሆኔ ነው።

ጥር 19

ብልጥነቴ ጉድ አፈላ። ሥራ የለቀቀ፣ ሚስት ያላገባ፣ ዕቃውን በነጻ የሚያድል፣ መድረሻውን የማይናገር ሰው በእኛ አገር ሌላ ምን ይሆናል? ሊመንን ነው። ቢቸና በሙሉ አውቋል። ዘበኛው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ጠላ የምትሸጠው ሴትዮ ለአንተስ አልቀዳም ብላ ውኃ ሰጠችኝ። ካድሬው ኋላ ቀር ብሎ ስቆብኝ አለፈ። ከሚያስረኝ ይሳቅብኝ።

ጥሩ ሽፋን ነው። እናቴ ግን ሞጣ ናት። ወሬ ደግሞ ከመኪና ይፈጥናል።

ጥር 24፣ ሞጣ

ቀድሞኛል። ስገባ እናቴ አላለቀሰችም፣ ጨርሳለች። ጎረቤቶቿ ነገሩኝ፤ እንደ ሬሳ ነው ያለቀሰችኝ። የመነነ ሰው በቁሙ ሞቷልና አንድ ልጇን ቀብራ ተነሥታለች። ከዚያ ለሰርጌ ብላ የፈተለችውን ጋቢ አወጣች። ቢጫ አስነክራዋለች፣ የመነኩሴ ወይባ እንዲሆን። አለበሰችኝ። እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ልጄ፣ አለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ልቧ ግን ዐርፏል።

እውነቱን አልነገርኳትም። የሰጠችኝን ሽሮ በላሁ። ፍስክ ነው፤ የእኔን ግን ያለ ቅቤ ነው የሠራችው።

ጥር 25፣ ጠዋት

ሰይድ ነገ ይነሣል። ሳልነግራት መሄድ እችላለሁ። ዋልድባ ነው ብላ ትኖራለች፣ ትመካብኛለች። ማን ይጎዳል?

እንዲህ ሳስብ ካህን መጡ። የቁም ተዝካሬን ለእሑድ ልትደግስ ነው። እኔ መርከብ ላይ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እሷ ለሙት ትደግሳለች። ይሄስ አይሆንም። ፈሪ ነኝ፣ ግን ይሄ አይሆንም።

ከሰዓት

ነገርኳት። ባሕሩን፣ መርከቡን፣ ሳህኑን። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርከብ ይመለሳል ወይ? ይመለሳል አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ለመነኩሴው አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ለመርከበኛው የሚሆን እንባ አልተረፈኝም። ሂድ። ግን ና።"

ወጥታ ካህኑን ድግሱ ቀርቷል አለቻቸው። ምክንያት አልሰጠችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ከጓሮ ቆሜ። ጋቢውን ልመልስላት ስል እንቢ አለች። ባሕር ላይ ይበርዳል አለችኝ፤ አይታው አታውቅም። እኔም አላየሁትም።

ጥር 26፣ ቢቸና፣ መኪና ውስጥ

ሰይድ ጎማ ሊያይ ወርዷል። ት/ቤቱ ይታየኛል። ብርድ ነው፣ ቢጫውን ጋቢ ለብሻለሁ። ዘበኛው አይቶኝ ሮጦ መጣ፣ በመስኮቱ እጄን ሳመ። አንቱ እያለ በጸሎትዎ አስቡኝ አለ። አፊዤ ልመልስለት አልቻልኩም። አስብሃለሁ አልኩት፣ እውነቴን ነው። መኪናው ወደ ዋልድባ አለመዞሩን አላስተዋለም።

ሰይድ ሞተር አስነሣ። ደብተሬ፣ ከደጀን ወዲያ ያለውን መንገድ ሳየው እጽፍልሃለ—