እጃችንን አንስተን የምንጠብቀው ገጽ

ለተከበሩ የማዕከላዊ መረጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

በቅድሚያ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በቀዝቃዛ ክፍል ተንከባክበው ለሚያኖሯቸው ማሽኖችዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይልቁንም ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ በዓይን ሕክምና በኩል እኛ ጋ ያለው ነገር የሚያስተማምን አይደለም።

እኔ በዓይን ሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በዚሁ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁ የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅም ነኝ። አባቴን የያዛቸው የዓይን ግፊት ነው። ሐኪማቸው እንደነገረን ይህ በሽታ አንዴ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ቀዶ ሕክምናው የሚጠቅመው የቀረውን ለማትረፍ ብቻ ነው። ግራ ዓይናቸው ሄዷል። ስለዚህ የምጽፍልዎ ስለ ቀኙ ነው።

አንደኛ፣ የሕሙማኑን መዝገብ በሙሉ ከሆስፒታላችን ምድር ቤት አንስተው እርስዎ ወዳሉበት ሩቅ ከተማ ስላዛወሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ምድር ቤቱ ጠባብና አቧራማ ከመሆኑም በላይ አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ መዝገብ ሲጠሩት ወዲያው ይመጣ ነበር። አሁን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖልን እፎይ ብለናል።

ሁለተኛ፣ የሄደው መዝገቡ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ እዚሁ እኛ ጋ ቀርቷል። ይህ ፕሮግራም መዝገቡ ጎረቤቱ በነበረበት ጊዜ የተሠራ ስለሆነ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ የመጠየቅ አመል አለው። ስም ጠይቆ ይመለሳል፣ ዕድሜ ሊጠይቅ እንደገና ይሄዳል፣ ከዚያ ስለ ቀኝ ዓይን፣ ከዚያ ስለ ግራ፤ በሄደ ቁጥርም በሩን እንደ አዲስ ያንኳኳል። ለጨው ተልኮ ሲመለስ ለሽንኩርት እንደሚላክ ሰው ነው። ሱቁ ከጎን ሲሆን ማንም ልብ አይለውም፤ ሌላ ከተማ ሲሆን ግን ድስቱ ሳይጣድ ይመሻል። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ራሱ መጠበቅ ይታክተውና ጊዜው አልፏል፣ እንደገና ይሞክሩ ብሎ ይዘጋል፤ የተሞላው ሁሉ ይጠፋል፣ ታማሚውም ወደ ወረፋው ጭራ ይመለሳል። ጥያቄዎቹ ተጠቃለው በአንድ ጉዞ እንዲሄዱ፣ ካልሆነም የመዝገቡ ቅጂ እኛ ጋ እንዲቀመጥ ፈቃድዎን ደጋግመን ጠይቀን ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ስለ ቆዩ ጽናትዎን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ አጣሪ ቡድን ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ቡድኑ ፕሮግራሙን የሞከረው እዚያው እርስዎ ሕንፃ ውስጥ፣ መዝገቡ ካለበት ክፍል አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የመመዝገቢያው ገጽም ለመከፈት ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ ጥፋቱ የእኛ ኮምፒውተሮች ሆነና አዳዲስ ተላከልን። ጊዜው አልፏል የሚለው ያው መልእክት አሁን በአዲሶቹ ላይ እጅግ ጥርት ብሎ ይነበባል።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ተስፋ ሳይቆርጥ የሚቆይበትን ጊዜ አራዘሙልን። ቀድሞ ቶሎ ይነገረን የነበረውን እምቢታ አሁን ብዙ ተቀምጠን እንሰማዋለን። የሚጠብቀው ሲበዛ መስመሩ ይበልጥ ስለሚጨናነቅ፣ እማማ ፋይል የምንላቸው የመዝገብ ክፍል ኃላፊያችን አንድ ዘዴ አመጡ፤ ጽኑ ታማሚ የሚመዘግቡ ጊዜ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው እጅ ብለው ይጠራሉ፣ ነርሱም ገንዘብ ተቀባዩም መድኃኒት ቤቱም ሥራውን ትቶ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ላለመንካት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። አንድ አዲስ ታማሚ ዘራፊ የገባ መስሏቸው አብረውን አንስተዋል። ለአባቴ ስንት ጊዜ እንዳነሳን አላውቅም፤ ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዘጋል።

አምስተኛ፣ በወረቀት መመዝገብን በሰርኩላር ስለከለከሉ፣ አልጋው ባዶ ሆኖ፣ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ቆሞ፣ ማዕከሉ የማያውቀውን ታማሚ መንካት አይችልም። እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግን ቃል አጣሁ።

አባቴ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃታቸው ቆይቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መርፌዎቹ ሁሉ ውስጥ ክር አስገብቼ የመርፌ መሰኪያ ትራሳቸው ላይ ሰክቼላቸው እወጣ ነበር፤ እሳቸውም እየዳሰሱ ይሰፉ ነበር። ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የስፌት መኪናው ላይ ተኝታ ሳለ፣ ልጄ፣ መብራት ጠፋ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ጠፍቷል፣ ጊዜያዊ ችግር ነው አልኳቸው። አነጋገሩን ገጹ በተዘጋ ቁጥር ከሚልኩልን ማስታወቂያ ነው የተማርኩት፤ እንዲህ በቀላሉ ከአፍ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው መፍትሔ ጠብቄ አይደለም፤ መጠበቅ ደክሞኛል። ደብዳቤው ከእጅዎ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከገጹ እንደማይረዝም እተማመናለሁ።

ከማይከፈት ገጽ ፊት ለፊት፣ በታላቅ አክብሮት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ የምትጠብቅዎ ታዛዥዎ፣
የልብስ ሰፊው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ገጹ ተከፍቶ የአባቴ ተራ ተመዘገበ፤ ኮሪደሩም አጨበጨበ። ሐኪሙ ግን ቀኙን መርምሮ የሚተርፍ ነገር የለም አለን። ከአባቴ ቀጥላ አንድ ዓይኗ ገና የሚያይላት መምህርት አለች፤ አባቴ ተራዬን ለእሷ ስጡልኝ ብለው ስላዘዙኝ የእሳቸውን ለመሰረዝ ቁልፉን ተጫንኩ። ገጹ አሁንም እየዞረ ነው። እርስዎ በከለከሉት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የምጽፍልዎ ቁልፎቹን እንዳልነካ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለመምህርቷ ብሎ እጁን እንዳነሳ ቆሟል።