በአንድ ስልክ ቁጥር የተመዘገበ መንደር

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ ብዙአየሁ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የኦሞ ካምፕ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባው ተነሥቶብህ ነበር ሲሉኝ ሆዴ ሲባባ ሰነበተ፤ አሁንስ ጨርሶ ለቀቀህ? የባለቤትህ የምሥራቅ ወገብ ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ትምህርታቸውን ይዘዋል? እኔ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቶቼን ከማደንዘዙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናታችንም አንኮበር ደህና ናት። ጉልበቷ ያማታል እንጂ አፏ እንዳለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ መዋል ሥራ ነው ወይ እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን መስመሩ ሲቆራረጥ ግማሹን ብቻ ሰምተህ ልትቆጣ ትችላለህ፤ ጠባይህን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከዚያ በኋላ ብትቆጣም ግድ የለኝም።

እንደምታውቀው ከጥር ጀምሮ የዳታ ሶፍትዌር በሚሠራው ድርጅት ሠልጣኝ ነኝ። ሥራችን ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚያመጡልንን ዝርዝር ማጥራት፣ ማስተካከልና በፕሮግራም ማደራጀት ነው። ዘንድሮ የተመረቅን አሥራ ሁለት ልጆች ገባን፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚቀጠሩት ግን አራት ብቻ እንደሆኑ የመጀመሪያው ቀን ተነገረን። ሌሎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፣ ከሁሉም ኋላ እወጣለሁ፤ ያልገባኝን ሳልጠይቅ አላድርም። አለቃችን ቅድስት መጀመሪያ ላይ ጥያቄዬ ሲበዛባት ዓይኗን ታጉረጠርጥ ነበር፤ ኋላ ለመደችኝ።

በግንቦት አንድ ትልቅ ሥራ ሰጠችኝ። በእነዋሪ ዙሪያ ምርጥ የስንዴ ዘር የሚወስዱ ገበሬዎች ዝርዝር ነው፤ ከስድስት ሺህ ስም በላይ ነበረበት። አንዱ ሰው አንዴ በቤት ስሙ አንዴ በክርስትና ስሙ ተመዝግቧል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ድርሻ ለማግኘት ብሎ በሁለት ስም ገብቷል። የእኔ ሥራ የተደጋገሙትን መለየት ነበር። ስም ይቀያየራል፣ ስልክ ቁጥር ግን አይቀያየርም ብዬ አሰብኩ፤ በአንድ ስልክ የተመዘገቡትን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስቀር ትእዛዝ ጻፍኩ። በአንድ ጊዜ ከሦስት መቶ በላይ ስም ተሰረዘ። ቅድስት አይታ አጸደቀችው፣ በሠልጣኞቹም ፊት አመሰገነችኝ። ያን ቀን በደስታ ምሳም አልበላሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ዘሩ ሲታደል ሥራችንን በዓይናችን እንድናይ ቅድስት ይዛኝ እነዋሪ ሄደች። የገበያ ዕለት ነበር። ብርሃኑ የሚባል የግብርና ባለሙያ ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ስም ይጠራል። አቶ ዘሥላሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተራቸው ሲደርስ ስምዎ የለም ተባሉ። እሳቸው ከሰልፉ ወጥተው ሳያበቁ የሌላውም ስም የለም፣ ከኋላቸው ያለችውም ሴትዮ ከዝርዝሩ የለችም። ሁሉም የአንድ ጎጥ ሰዎች ነበሩ። ሰዉ ወደ ብርሃኑ ተንጋጋ፤ በስብሰባ ላይ ስለተናገርንህ ቂም ይዘህ ነው የሰረዝከን አሉት። ምስኪኑ ወረቀቱን እያገላበጠ ላብ በላብ ሆነ።

እኔ ጠጋ ብዬ አቶ ዘሥላሴን ስልክዎ ስንት ነው አልኳቸው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳያቋርጡ ነገሩኝ። ሴትዮዋን ጠየቅኳት፣ ያንኑ ቁጥር ነገረችኝ። የማን ነው ብላቸው፣ የምህረቱ ነዋ፣ የባለወፍጮው አሉ። በጎጡ ያለው ስልክ የእሱ ብቻ ነው፤ የሚፈልጋቸው ሁሉ በእሱ ይደውልና እሱ ይጠራቸዋል። ከስልሳ አንድ አባወራና እማወራ ባለወፍጮውን አስቀርቼ ስልሳውን ሰርዣቸዋለሁ። ሌሎቹም ጎጦች እንደዚያው ናቸው። ወንድም ጋሼ፣ ይህን የከተማ ልጅ ቢሳሳተው አይፈረድበትም። እኔ ግን በእትዬ ጌጤ ሱቅ ስልክ ያደግኩ ልጅ ነኝ! አንተ ስትደውል እትዬ ጌጤ ከደጇ ወጥታ ቁልቁል እየተጣራች፣ እናታችን ነጠላዋን እየጎተተች ስትሮጥ ያየሁ እኔ ነኝ። እንዴት ጠፋኝ? እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

አልደብቅህም፤ ባልናገር ማንም አያውቅም፣ ጥፋቱ የብርሃኑ ሆኖ ይቀራል፣ እኔም ከአራቱ አንዷ እሆናለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ የብርሃኑን ኮሌታ ሲይዝ አየሁና ጮክ ብዬ፣ ልቀቁት፣ ስማችሁን የሰረዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። ነገሩን እንደሆነው ነገርኳቸው። አቶ ዘሥላሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ ታዲያ ልጄ ከምህረቱ በቀር በአገሩ ሰው የለም ብለሽ ነዋ አሉኝ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው አልሳቀም።

ቅድስት በመልስ ጉዞ ዝርዝሩን ስታገላብጥ መጣች። ደብረ ብርሃን ልንገባ ስንል፣ እኔም አይቼ አጽድቄዋለሁና በሪፖርቱ የሁለታችንም ስም ይገባል፣ ማስተካከሉ ግን ያንቺ ነው አለችኝ። የተሰረዙት ሰዎች ዘር ከመጋዘን አልወጣም ነበርና አሥር ቀን ሰጡኝ። ኮንጎ ጫማዬን ተጫምቼ፣ ብርሃኑ እየመራኝ በዝናብ ያንን መረሬ ጭቃ ከቤት ቤት ዞርኩት። ስልክ ስንት ነው ማለቱን ትቼ የማሳዎ አዋሳኝ ማን ነው እያልኩ ጻፍኩ። ሰው ስልክ ባይኖረውም በምሥራቅ በምዕራብ የሚያዋስነው አያጣም። አሁን ድርጅቱ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የአዋሳኝ መስመር ጨምሯል። በእውነት የተደጋገሙት ወጥተው፣ ያለጥፋታቸው ከተሰረዙት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ዘራቸውን ወሰዱ።

ያልወሰደችው አንዲት ብርነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ስምሽ የለም ስትባል ሳትከራከር ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እኔ በዘጠነኛው ቀን ስደርስ፣ ዘር የለኝም ብላ መሬቷን ለእኩል ሰጥታዋለች፤ የተቀበላትም ሰው አርሶ ለዘር አሰናድቶታል። ከእንግዲህ የዘንድሮው እህሏ ግማሽ የሌላ ሰው ነው። ይቅርታ አልኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቀቀለችውን ባቄላ አቀረበችልኝና፣ ለከርሞ እንዳትረሺኝ፣ እንዳለሁ ንገሪያቸው አለችኝ።

ከትናንት በስቲያ የሚቀጠሩት ተለዩ፤ እኔ አንዷ ነኝ። ካልቀጠሩሽ ነዪ፣ እኛ ካምፕ ጽሕፈት ቤት ቦታ አለ ብለህ ልከህብኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባይቀጥሩኝም ግን አልመጣም ነበር፤ ይህንኑ ሥራ ሌላ ደጅ ጠንቼ እይዘው ነበር። የት ላይ እንደሚሰበር አሁን አውቀዋለሁና ለማያውቀው ትቼው አልሄድም። ለከርሞ ዝርዝሩ ሲወጣ፣ ብርነሽ የሚለውን በጣቴ ነክቼ ሳላይ ከወንበሬ አልነሣም።

ምሥራቅን እንደ እኅቴ እየሳምኩ እንዴት ነሽ እንዳልኳት ንገርልኝ፤ ወገቧን ሳትንቅ ትታከም። ኤፍሬምን ግንባሩን፣ ትንሿን ልጅህን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ የሚሠራውን ወልደተንሣኤንም ሰላም በልልኝ። እናታችን ደግሞ ያለ አጎበር እንዳትተኛ ብላሃለች።

ታናሽ እኅትህ ይመኙሻል
ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.