በገበሩ ውስጥ ያለው ኪስ

ውድ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ እስኪገባ ጤናህ አይጓደልብኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የስፌት መኪናዬም እንደኔ እያጉረመረመች ትሠራለች።

ልጄ ትተኸው የሄድከውን ኮት ካልለበስኩ ብላ ድርቅ አለች። ትከሻውን ላጥብብልሽ ብላት «አትንኪብኝ» አለችኝ። ትናንት ልተኩሰው ስገለብጠው ገበሩ ውስጥ ኪስ አገኘሁ፤ ያኔ አብዮቱን ያስነሱትን ወረቀቶች እንድትደብቅበት እኔ በሰፋሁልህ ቦታ ላይ። ያንን የድሮውን ኪስ ግን አንተ ከእስር ስትወጣ በገዛ እጄ ተርትሬው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ የአጎቴ አብዮት እኮ ገና አላለቀም» ብላ ሳቀች።

ስፌቷ ጠማማ ነው፤ የሚፈትሽ እጅ ወዲያው ያገኘዋል። ምን ላድርግ? ተርትሬ፣ በቀጭን ክር አስተካክዬ ሰፋሁላት።

በተረፈ እሷም ሰላም ብላሃለች። ኮቱን ለብሳ ስትወጣ ከኋላዋ ሳያት ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ