ወይኖ የሰማው ዘፈን

አምበር፣ ጥር ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ምስጋናው፣

…ደግሞ አባዬ «ወይኖ» ሲል ድምፁን መጀመሪያ ዝቅ ያደርጋትና ከዚያ ወደ ላይ ይስባታል፤ አንተ ስልክህን ገለባው ላይ አስቀምጠህ፣ እኔ መንሽ ይዤ፣ የአባዬ ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ሊወድቅ ሲል… ከዚያ ምን ሆነ? ሳቅን መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውሰውም።

ይቅርታ፣ ሰላምታዬን ሳላደርስ ጀመርኩት። እንደምን ከረምክ? የጅግጅጋ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ኔትወርክ እንደጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለየብርጓል እሰጣታለሁ፤ ነገ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ከዚያ በአውቶቡስ ትልክልሃለች።

ባለፈው ደብዳቤህ «ሲከፋሽ የምትሰሚው ዘፈን የትኛው ነው? እኔ ጠዋት የአባዬን ካልሰማሁ ከአልጋ አልነሣም» ብለኸኝ ነበር። የኔ ብዙ ነበር። የሠርግ ዘፈን ሁሉ፤ በተለይ ሚዜዎቹ ገና ሩቅ ሳሉ፣ ከበሮው እንጂ ቃሉ የማይለየው። ባጃጅ ውስጥ የሚከፈት አንድም አለ፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም። አሁን ግን ያለን የአባዬ ብቻ ነው። ስለ እሱ ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት።

አባዬ ካረፈበት ከግንቦት ወዲህ ቤታችን ዘፈን አልተሰማበትም። እንደምታውቀው ዓመቱ ሳይወጣ ሬዲዮም አይከፈት። ጤፉ ግን ሐዘን አያውቅም፣ ደረሰ። የአጎታችን ልጅ አንሙት አጭዶ፣ ከምሮ፣ አውድማውን በእበት ለቅልቆ፣ ጥር በገባ በአምስተኛው ቀን ወይኖን ከሌሎች ሦስት በሬዎች ጋር ለውቂያ አስገባው። ወይኖ አንድ እግር አላነሣም። ያለ አባዬ ዘፈን ሄዶ አያውቅማ።

«ምን ሆነ ይኼ?» አለ አንሙት። «እሱም ልቅሶ ተቀመጠ እንዴ?»

«ዝፈንለታ» አለች እማዬ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር።

«እኔ ስዘፍን ጅብ ነው የሚመጣ፣ እትዬ። የጋሼን ድምፅ ከየት ላምጣው? ደግሞስ ሐዘን አይደለም?»

«ሐዘኑ የሰው ነው። በሬ ነጠላ አላዘቀዘቀ።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ስልኬን አወጣሁ። አንተ ያን ዕለት ቀድተህ የላክህልኝን ከፈትኩት።

ዙር ወይኖ፣ ዙር ወይኖ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣
ገለባው ላንተ ነው፣ ፍሬው ለኔ ይግባ።

ወይኖ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እማዬ ሳቀች፣ ምስጋናው። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ጥርሷን ሳይ እኔ አለቀስኩ። አንሙት «ጋሼ ሞቶም አላረፈ፣ ያው ሥራ ላይ ነው!» አለና ሁላችንንም አሳቀን። እንደዚያ ደስ ብሎን የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የስልኩ ባትሪ አለቀ። ወይኖ ግን ወዲያው አልቆመም። ዘፈኑ የሚፈጀውን ያህል ዞረና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደገና ጀመረ። አባዬ መሀል ላይ ያስል የለ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ወይኖ አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ። አንሙት መንሹን እንደያዘ ያየው ነበር። አልቀለደም።

ውቂያው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን ወይኖ ከበረት ጠፋ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተፈትቷል። ቀትር ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ አባዬ በተቀበረበት በኩል፣ ተንበርክኮ አገኘነው። ሣር አቀረብንለት፣ ለመንነው። ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። በማግሥቱ ሞተ። አንሙት «እባብ ነው» ይላል። ይሁን።

በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

አሁን እማዬ ትሰማዋለች። ስልኩ ጠፍቶ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥጥ እየፈተለች ራሷን ትነቀንቃለች። ትበላለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ጥቁሩን ልብሷን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ጎረቤቶች «ተመስገን፣ ቀለላት» ይላሉ። ቀልሏታል። ስምንት ወር ሙሉ ተስዬ የለመንኩት ይኼን ነው፤ ሲመጣ ፈራሁት።

ቅዳሜ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ምን ይላል?»

«ያው የድሮውን። ወይኖ ማለቱን ግን ትቷል።»

«ታዲያ ማንን ይላል?»

ፈትሏን አላቆመችም። «ማንን ይበል? እኔን፤ ሽታዬ ነዋ የሚል። አርባ ዓመት ለበሬ ሲዘፍን የኖረ ሰውዬ፣ አሁን ገና ትዝ አልኩት!» ሳቀች፤ እንደ ልጃገረድ አፏን ሸፍና።

«ምን አልሽው?»

«አቤት ነዋ። ባል ሲጠራ ምን ይባላል?»

ራሷ አይደለች ያስተማረችን? ያላያችሁት ሰው ስማችሁን ቢጠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ አቤት እንዳትሉ። ስንት ጊዜ ተቆንጥጠንበታል። እሷው በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አለች።

ዘፈኑን ከስልኬ አጠፋሁት። ምንም አልተለወጠም። እና አሁን የቀረው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው። እለምንሃለሁ፤ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ እስከ መጨረሻው ስማው። አሁንም ወይኖ እያለ ከሆነ ጻፍልኝ። ሌላ ስም ካለበት አጥፋው። ጠዋት የሚያነሣህ እሱ መሆኑን አውቃለሁ። አጥፋው። ያንተን ስም ከሰማህ ደግሞ… ዝም በል። ብቻ ዝም በል።

እኔ አልሰማሁም። ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ጠዋት ሳይከብደኝ እነሣለሁ፤ የትምህርት ቤቱ መንገድ ያጥርልኛል። ትናንት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ተማሪዎቼ በሳቅ ፈነዱ። «ቲቸር፣ ማን ጠርቶዎት ነው አቤት የሚሉት?» አሉኝ። ልጆች ናቸው።

ዛሬ አልሄድኩም። እማዬን ብቻዋን መተው አልፈለግሁም። በሬ ይታሰራል፤ ያውም ተፈታ። እናት በምን ትታሰራለች? እዚሁ በሩ አጠገብ ተቀምጬ መጠበቅ ነው እንግዲህ። ከጓዳ ትሰማኛለች፤ እኔም እሰማታለሁ፤ ታንጎራጉራለች።

በምትሠራበት ፎቅ ላይ እግርህን ያጽናልህ። ውሃው ይስማማህ፣ እንጀራው ይባረክልህ። የሚጠራህ ሁሉ ፊትህ ቆሞ የሚታይ ይሁን።

እህትህ፣
ሥራነሽ ዓለምነው

ፖስታውን ላሽግ ስል እማዬ ከጓዳ ወጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ጫማ አድርጋለች።

«ትመጫለሽ ወይስ በሩን ልዝጋው?» አለችኝ።

«ወዴት?» አልኳት። እጀታውን ይዛ፣ ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። ፊቷ እንዲህ ወጣት መሆኑን አላውቅም ነበር። ቆይ እማዬ፣ ይቺን መስመር ልጨርስ እያልኳት ነው፣ ቆይ እያልኳት

በሩ ከውጭ ተዘጋ።