አራትና ሰባት ቦታ ሲለዋወጡ

ለተከበሩ የሕዝብ አዳራሾች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ጠረጴዛዎ ላይ ለተቀመጠው ኮምፒውተር ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ እያልኩ፣ እኔ በቅርቡ ልጇን የዳረች ልብስ ሰፊ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬን ከጥቃቅን ቅሬታዎች ጋር በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፤ አዳራሽ የያዝን ሰዎች በተመዘገብንበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አንዱ ጸሐፊ ቀኑን፣ ሌላው ወሩን እያስቀደመ ይጽፍ ስለነበር «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን» ብለው ማዘዝዎ ብልህነት ነው። የልጄ ሰርግ በሰባተኛው ወር፣ በአራተኛው ቀን ነበር። 4/7 ተብሎ የተጻፈውን ግን ኮምፒውተሩ «አራተኛው ወር፣ ሰባተኛው ቀን» ብሎ አነበበና ያንኑ አሳምሮ ጻፈው። በተቃራኒው ደግሞ በዚያ በአራተኛው ወር፣ በሰባተኛው ቀን ሊሰበሰቡ የነበሩትን የእንስሳት ሐኪሞች አንስቶ በሰርጋችን ቀን ላይ አስቀመጣቸው። ስልክ አንስቶ የጠየቀን የለም። ኮምፒውተሩ ያልተጠራጠረውን ሰው ምን ቤት ነው ብሎ ይጠራጠራል?

ሁለተኛ፤ ሙሽሮቹን አጅበን በጭብጨባ ስንደርስ አዳራሹ በሐኪሞች ጢም ብሎ አገኘነው። ዘበኛው ወረቀቱን ገልጦ አየና በትሕትና፣ «እናቴ፣ እዚህ እንደሚለው እናንተ ከሦስት ወር በፊት ደግሳችሁ ጨርሳችኋል» አለኝ። ይህን የሰማችው የሙሽራው እናት የልጄን ሆድ ሰረቅ አድርጋ አየች። ልጄ ቬሏን እንዳጠለቀች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ወደ ቢሮዎ ብደውል ጸሐፊዎ «ሰንጠረዡ ተስተካክሏል» ብላ ዘጋችብኝ። ሳይደግስ አይጣላም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ከተደገሰ በኋላ የሚጣላ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛ፤ ታላቅ እህቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ለትዳር የጠየቃትን ወንድ ሁሉ ስለመለሰች ሰፈሩ «እምቢዬ» ይላታል። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ በሐኪሞቹ መሃል ሰንጥቃ መድረክ ላይ ወጣችና ማይክሮፎኑን ከሰብሳቢው እጅ ተቀበለች።

«ዶክተር» አለችው፣ «ላሞቹ እስከ ነገ ይታገሡዎታል። የእህቴ ልጅ ግን ደረጃ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው።»

ሽበታሙ ሰብሳቢ መነጽሩን አውልቆ አያት። «እኛም በራሳችን ቀን መጥተን ‹ዛሬ ሰርግ አለ› ተብለን የተመለስን ነን» አለ። «ሙሽራዋን ሳናይማ አንሄድም።» ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ «ወንበሩን አንሱ» አላቸው።

ክቡር ሆይ፣ የተማረ ሰው ወንበር ሲያነሳ እንዴት ደስ ይላል። ልጄ እንባዋን ጠርጋ ገባች። ሐኪሞቹ ለስብሰባቸው ግድግዳው ላይ ያበሩትን ምስል ማጥፋት የሚችል ሰው በመጥፋቱ፣ ሙሽሮቹ ቀለበት ያሰሩት ያበጠ የላም ጡት ሥር ቆመው ነው፤ ፎቶው ሳሎኔ ተሰቅሏል። ሐኪሞቹ እስኪያልባቸው ጨፈሩ። የሙሽራው እናትም ከአንድ የዶሮ በሽታ ባለሙያ ጋር እስክስታ ስትወርድ የሆዱን ነገር ረሳችው።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ በሳቅ መሃል ጠፋኝ። ይልቅ ሰብሳቢው በሳምንቱ እህቴ ቤት መጥቶ ድመቷን መመርመሩን ላሳውቅዎ። ድመቷ አንዳች አልነካትም። ሆኖም ሕክምናዋ እየተራዘመ፣ ሐኪሙም እራት እያመሸ፣ በመጨረሻ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ሰፈሩ በሙሉ መልሱን ያወቀ መስሎት ነበር። እህቴ ግን «እሺ» አለች፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስለዚህ ለዚህኛው ሰርግ አዳራሽዎን በአክብሮት እንጠይቃለን። ወሩ በፊደል እንዲጻፍልን፣ ከተቻለም ኮምፒውተሩ እንዳያየው እንዲደረግልን እንለምናለን።

ሳያስቡት ለዳሩን፣ ሳይጠየቁ ላገናኙን፣ ሲጠየቁም ላልተገኙልን ለእርስዎ ወደር የሌለው አክብሮቴን እያቀረብኩ፣

የአንዲት ሙሽራ እናት፣ የሌላዋ ሙሽራ ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ላስገባሁት አቤቱታ የሰጡኝ መልስ ደርሶኛል። አንዳችም ስህተት አለመፈጠሩን የሚያረጋግጠው ደብዳቤዎ ላይ የሰፈረው ቀን ግን ገና አልመጣም፤ ስለዚህ እስከዚያው ቃልዎን ለማስተካከል በቂ ጊዜ አለዎት።