የዘጠነኛው ሙት ዓመት ዶሮ

ጁላይ 3

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል... ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው። ጠዋት ገበያ ወጥቼ፣ ዶሮ ሻጩ ደጃፍ እርጥቡ ወለል አንሸራተተኝ። ዶሮዋን ግን አልለቀቅኩም።

ሐኪሙ "ስድስት ሳምንት" አለ። ቢላ የለም፣ ድስት ማንሳት የለም። የባለቤቴ የቶንግ ዘጠነኛ ሙት ዓመት ጁላይ 28 ነው። ፎቶው ፊት የሚቀርበውን ዶሮ ማን ሊቀቅል ነው?

እራት አልበላሁም። አልወርድ አለኝ።

ጁላይ 5

ልጄ ሺው ቺን፣ "እማዬ፣ ዘንድሮ ከሱቅ እንዘዝ" አለች። ከሱቅ... "አባትሽ ከፎቶው ይወርዳል" አልኳት።

ይሄኔ ባሏ ከሶፋው ላይ ቀና አለ። "እኔ እሠራዋለሁ፣ እማማ።"

ኩማረሳን። ሥጋ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው። የሕንድ ታሚል ልጅ ነው፣ አያቶቹም አልቀመሱም። ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር፣ ዶሮ በቆረጥኩ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮት ነው የሚያዞረው። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?"

"እናቴ እዚህ ታማ የተኛች ጊዜ፣ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝተውላት አርባ ቀን ምስር አብስለውላታል።"

እኔ ረስቼው ነበር።

ጁላይ 9

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጻፈው? እንዲሳካለት አልፈልግም።

ልብስ ማጠቢያው የሚታዘዘው በልጄ ስልክ ነው። ቴሌቪዥኑም እኔን አይሰማም። እዚህ ቤት የቀረችኝ ይቺ ዶሮ ናት። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም "ላን፣ ደረሰ?" ብሎ እኔን ይጠይቃል። እሷንም ከወሰደብኝ ምን ልሆን ነው?

ጁላይ 12

የመጀመሪያው ሙከራ። ቴርሞሜትርና ደብተር ይዞ መጣ፣ ፈተና ሊቀመጥ ይመስል። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አዛዥ።

"ውኃው ይንተክተክ፣ እማማ?"

"ይንተክተክ እንጂ። አንድ ሰዓት ሙሉ።"

(አንዴ ፈላ ሲል እሳቱ ጠፍቶ፣ ተከድኖ ነው የሚተወው። ይህን በቻይናዋ ሃይናን ደሴት የተወለደ ሕፃን ያውቀዋል።)

"ሲወጣ በረዶ ውኃ ውስጥ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ..."

"የምን በረዶ። በረዶ ለሎሚ ውኃ ነው።"

(ቆዳዋን የሚያጠብቀው በረዶው ነው።) ትክ ብሎ አየኝና ጻፈ። ዶሮዋ ቆዳዋ ተተርትሮ፣ ደረቷ ጥጥ ሆኖ ወጣች። መቅመስ አይችል፣ እኔን ጠየቀኝ። "ለጀማሪ አይከፋም" አልኩት። ሺው ቺን ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጣች።

እኔ ሁለት ሰሃን በላሁ። እንዴት እንደጣመኝ...

ጁላይ 16

ሁለተኛው ሙከራ። "ስቡን ጣለው፣ ሩዙ ስብ አይወድም" አልኩት። አሁንም ትክ ብሎ አየኝ። ፊቴ ላይ ምን አለ? መስታወት አየሁ። ምንም የለም።

ሩዙ ገንፎ ሆነ። በደንብ በላሁ።

ጁላይ 20

አምስተኛ ቀን የተረፈ ዶሮ ሾርባ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ጁላይ 24

የቶንግ ታላቅ እህት፣ እትዬ ቹን፣ ደወሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ምላሳቸው ገና አላረጀም።

"ለወንድሜ ሥጋ የማይበላ ሰው ያበስላል አሉ?"

"እጄ ተሰብሮ ነው፣ እትዬ።"

"እመጣለሁ። የታፋውን አጥንት ራሴ ሰብሬ አያለሁ።"

ሁሌም እንዲህ ናቸው። አጥንቱ ውስጥ ቀላ ያለ ነገር ካላዩ፣ ዶሮው ከመጠን በላይ በስሏል ብለው ሰሃኑን ይገፉታል። አንድ ዓመት የእኔን ገፍተውት፣ ሦስት ወር ነው ያንገበገበኝ። አሁን ልጁን በሰው ፊት ሊያዋርዱት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አላለኝም።

ነገ እውነቱን እነግረዋለሁ።

ጁላይ 27

አልነገርኩትም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቴም ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ጁላይ 28

ኩማረሳን ወጥ ቤቱን ዘጋብኝ። "ዛሬ እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እማማ።"

በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። የሚንተከተክ ነገር የለም። ፀጥታ... ረጅም ፀጥታ። ቀጥሎ በረዶ ሲንኳኳ ሰማሁ። እንደዋሸሁት ማን ነገረው?

ዶሮዋ ወጣች። ሙሉ፣ አንገቷ ቀና ያለ፣ ቆዳዋ ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ ጭረት የሌለው። ሩዙ ፍሬው ከፍሬው አልተጣበቀም፣ የፓንዳን ቅጠሉና የዝንጅብሉ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ፎቶው ፊት አቀረብናት። ዕጣኑ ነዶ እስኪያልቅ ጠበቅንና የሞተ ሰው የሚጠየቅባቸውን ሁለት ሳንቲሞች በግራ እጄ ያዝኩ።

"ቶንግ፣ በልተህ ጨረስክ?"

አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በጀርባው ካረፈ "ጨርሻለሁ" ነው። ለእኔ ዶሮ በየዓመቱ ሦስት አራቴ ያስወረውረኛል። አንድ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ወርውሬ ሩዙ በረደ። ዛሬስ? በመጀመሪያው። ለዚህ ልጅ በመጀመሪያው!

"ወንድሜ ሲጥመው ቶሎ ነበር የሚጨርሰው" አሉ እትዬ ቹን። "ያንቺን ግን ሲያላምጥ ነው የሚቆየው።"

ታፋውን ሰበሩ። አጥንቱ ቀላ ብሏል። ሰሃናቸውን ጠረጉ፣ ሌላኛውን ታፋ በላስቲክ አስጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ።

ስንበላ ኩማረሳን ኪያርና ነጭ ሩዙን ይዞ አንድ በአንድ ፊታችንን ያይ ነበር። ለካ ሰውዬው የሚቀምሰው በዓይኑ ነው።

ቀናሁ። ኮራሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ እንዴ?

ጁላይ 29

ደብተሩን ወጥ ቤት ረስቶት ሄደ። የሰው ደብተር አይነበብም። አነበብኩት።

"እሳት፦ ይንተክተክ አሉ። ጆሮ ነኩ።"

"በረዶ፦ አያስፈልግም አሉ። ጆሮ ነኩ።"

"ፓንዳን፦ ሦስት ቅጠል፣ ተቋጥሮ። ጆሮ አልነኩም።"

"ስብ፦ ጣለው አሉ። ጆሮ ነኩ፣ ሁለት ጊዜ።"

ከሥር ደግሞ፦ "ለሙት ዓመቱ፣ ጆሮ የተነካበት ሁሉ ይገልበጥ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረው ቶንግ ስዋሽ ጆሮዬን እንደምነካ አላየም። ወይስ አይቶ ዝም አለኝ?

ታዲያ ልጁ ካወቀ ሁለቱን ዶሮ ለምን አበላሸ? ገጹን ገለበጥኩ።

"እጃቸው ከተሰበረ ወዲህ እማማ አይበሉም። ዶሮው ሲበላሽ ግን ሁለት ሰሃን በሉ። አንድ ጊዜ ልድገመው።"

እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለቀስኩት ለማንም አይወራም።

ኦገስት 15

በቀኜ ነው የምጽፈው! ጀሶው ወለቀ። እጄ ከስቶ የዶሮ እግር መስሏል።

ኩማረሳንን ጠረጴዛ ጋ ጠራሁት። የሩዙን የቀረውን ምስጢር ነገርኩት። ከታጠበ በኋላ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ጥፍፍ እስኪል ካልደረቀ፣ ስቡ ውስጥ አይገባም። ውኃው ደግሞ ውኃ አይደለም፣ ዶሮዋ የተኛችበት መረቅ ነው። ለገዛ ልጄ እንኳ አልነገርኳትም። ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነው የነገርኩት።

እጆቼን አየ። ፊቴን አየ። ጻፈ።

"የቃሪያው ማጥቀሻስ፣ እማማ?"

"ቃሪያ፣ ጨው፣ ውኃ። ሌላ ምንም የለውም" አልኩት።

ጆሮዬን በላኝ። እሱም እርሳሱን አነሳ።