ቢጫዋ ጀሪካን

ሐሙስ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 4 ሰዓት

መብራት ዛሬም የለም። በፈረቃ ሆኗል፤ ዛሬ የመጥፋት ተራው የመለማመጃ ሰፈራችን የሲግናል ነው። ስለዚህ ደብተሬ፣ እንደ ልማዳችን እንጦጦ ላይ ነን። ዘፋኛችን ሄኖክ ጊታሩን ይዟል። ድራመራችን ቶሎሳ ድራሙን ዳገት ማውጣት ስለማይችል ቢጫ ጀሪካን ይመታል። እኔ ኪቦርዲስቷ ያለ መብራት ምንም ነኝ። አጨበጭባለሁ፣ በሞባይሌ እቀዳለሁ። የሁለተኛው አልበም ዘጠኙም ዘፈኖች የተወለዱት እዚህ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ቶ. ለስቱዲዮ ቀረጻው ብሎ ከመዝገብ ቤት ሥራው የዓመት ፈቃዱን ጠይቋል። ከመሪ ሰፈር በሁለት ታክሲ እየመጣ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሄ. ያረፍዳል፣ ቤቱ እዚሁ ሆኖ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

አሳታሚው ጋሽ ደምሴ ሾላ ሱቃቸው ጠሩን። ሄ. እና እኔን ብቻ። የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ላይ ሦስታችንም ቆመን ነበር፤ ገዢው ሁሉ ዘፋኙ የቱ ነው እያለ አሰልችቷቸዋል። አሁን የሄ. ፊት ብቻ ይሁን አሉ። ድራሙም በኪቦርድ ይሠራ፣ ይቺ ልጅ ሁሉንም ትችል የለም ወይ? አሉ። እና ደስ አለኝ። አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ። ቸርች ኳየር ውስጥ ስምንት ዓመት ስጫወት ትችላለች ያለኝ የለም። ሄ. ጫማውን ያያል። ለቶ. ማን ይነግረዋል? አንቺ ንገሪው አለኝ። ወንድ ተብሎ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ያለ ቶ. ስቱዲዮ ገባን። የኪቦርዱ ድራም በድን ነው። አይሳሳትም፣ ነፍስ ግን የለውም። ሦስት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ የእንጦጦውን ቅጂ ከሞባይሌ አውጥቼ ከሥር አስገባሁት። ጀሪካኗን። ዘፈኑ ብድግ አለ! ዘጠኙም ላይ አደረግኩት። ሄ. ሲሰማ አቀፈኝ። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ያውቃል።

ቶ. ደወለ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስቱዲዮው ተይዟል፣ ተራችን ገና ነው አልኩት። እሺ አለ። ፈቃዱ ተፈቅዶለት ቤት ተቀምጧል፤ ቀኑን ሙሉ እየተለማመደ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ጠዋት አምልኮ ላይ ተጫወትኩ። እጄ ኪቦርዱ ላይ፣ ልቤ መሪ፣ ቶ. ጋ። የቶ. ፈቃድ ዛሬ አለቀ። ነገ ወደ መዝገብ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ምነው በተናገረኝ! እኔም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት በላሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1። ከሰዓት

ሾላ። ታክሲ ስጠብቅ ቶ. መጣ፣ ለእናቱ በርበሬ ገዝቶ። ሰላምታ ሳንጨርስ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ማጉያ አልበማችንን ለቀቀው፤ ሳይታተም በሰጠናቸው ናሙና ጆሮ እያስለመዱ ነው። ቶ. በርበሬውን እንደያዘ ቆመ። ጣቶቹ ጭኑን መምታት ጀመሩ። ከዚያ ቀጥ አሉ።

“ይቺ እኮ ጀሪካኗ ናት” አለ።

በሩ ላይ የተለጠፈውን የሽፋን ናሙና ሄዶ አነበበ። የሄ. ፊት። ከሥር በትንሹ፣ ሙሉ ቅንብር የሚል፣ የኔ ስም። ተመልሶ መጣና “በርቺ” አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ታክሲው ሲመጣ ገባ። ሁሌ ቦታ ይይዝልኝ ነበር፣ ዛሬ አልያዘልኝም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 2

ጋሽ ደምሴ ጋ ሄድኩ። ዋናው ቅጂ እኔ ጋ ነው፣ የቶ. ስም ካልገባ አልሰጥም አልኳቸው። ተቆጡ። ማን ሰው አደረገሽ አሉ። በመጨረሻ አንድ መስመር ፈቀዱ። ደስታዬን ይዤ ለቶ. ደወልኩ። ስሜን አልፈልግም አለ። በእርጋታ ነው ያለው፣ ያ ነው የገደለኝ። “እጄን አውጪልኝ፣ በቃ።”

ሄ. ሲሰማ አበድሽ እንዴ አለኝ። አልበሙ ይሞታል አለ። ይሙታ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 3

መብራት አለ። ከጠዋት ጀምሬ የቶ.ን ምት ከየዘፈኑ አንድ በአንድ እያወጣሁት ነው። ስምንቱ አለቀ፤ ሁሉም በድን ሆኖ ተመለሰ። ዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ጀሪካኗ ከእጁ አምልጣ ቁልቁል ስትንከባለል የሳቀው ሳቅ ተቀድቷል። እሱን ላስቀር አልኩ። እጄን ነው ያለው፣ ሳቄን አላለም ብዬ። ሌባ እንዲህ ነው የሚያስበው።

ሳቁንም አወጣሁት።